እስከ ጉብታው የሚሰማ ትምህርት

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ መንገዱን አታገኙትም፤ ብታገኙትም “ይሄማ የኛው ቀበሌ ነው” ብላችሁ ትጣሉኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከማንም ጋር ጠብ አልፈልግም። የሆነውን ግን እነግራችኋለሁ።

በዚያ አገር ትምህርት የሚለካው በጆሮ ነበር። ነገሩ የተጀመረው አንድ የጥንት ንጉሥ በአንድ ትምህርት ቤት ደጅ ሲያልፉ ነው ይባላል። መምህሩ “ገባችሁ?” ሲል ልጆቹ በአንድ አፍ “ገብቶናል!” ብለው ሲጮኹ ሰሙና ደስ አላቸው። በቅሏቸውን ገታ አድርገው “ይህ ድምፅ እዚያ ማዶ ጉብታ ድረስ ይሰማ ይሆን?” አሉ። ሰውዬው የጠየቁት ለማወቅ ነበር። ነገር ግን ንጉሥ ሲጠይቅ መልስ የሚፈልግ ባለሟል ከየት ይምጣ? ንጉሡ ከመንገድ ሳይመለሱ ሕጉ ወጥቶ ጠበቃቸው፦ የልጆቹ “ገብቶናል” እስከ ጉብታው ያልተሰማለት ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤት አይባልም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሊቀ ጆሮ የሚባሉት ሹም አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ከጉብታ ጉብታ ይዞሩ ጀመር። ድንኳን ይተከላል፤ ሊቀ ጆሮው የበሬ ቀንድ ጆሯቸው ላይ ደግነው ይቆማሉ፤ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ይጮኻል። ከተሰማ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል፣ ለርዕሰ መምህሩም ሙክት ይሸለማል። ካልተሰማ ሊቀ ጆሮው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ አጃቢዎቹም ወርደው የትምህርት ቤቱን ደወል ነቅለው ይሄዳሉ። ደወል የሌለው ትምህርት ቤት በሕግ ጎተራ ነው። ልጆቹ ወደ ንጉሡ የማሽላ እርሻ ተወስደው ወፍ ይጠብቃሉ። ድምፅ አነሳቸው የተባሉ ልጆች ወፍ በጩኸት እንዲያባርሩ መላካቸው ለአንድም ሹም ግር ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ ሰው በሚለካበት ነው የሚበረታው። የአገሩ መምህራን ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል በማር ያስልሱ ነበር። ከፊደል በፊት አተነፋፈስ፣ ከስሌት በፊት ጉሮሮ አሳሳል ይማራል። የሾላ ግርጌ ትምህርት ቤት መምህር ጓንጉል በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ ዲዳ ያናግራሉ ይባልላቸዋል። የዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ደብሪቱም የተሾመችው በሌላ በምንም አይደለም፣ በጉሮሮዋ ነው። እሷ ሜዳው ላይ ቆማ “ገባችሁ?” ስትል ማዶ የሚያርሰው ገበሬ “ገብቶናል!” ብሎ ይመልስ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበር። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ “አልገባኝም” ካለ ያስተማረው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ገበያ ይውላል። ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ለቅሶ የደረሰበት ሰው ስለሆነ፣ ሕጉ ያችን ቃል ከሞት ቆጥሯታል ማለት ነው። መምህራኑም ከመፍራታቸው የተነሳ ልጅ ግንባሩን ቋጠር ሲያደርግ ገና “ጎበዝ፣ ተቀመጥ!” ይሉታል። ልጁም ጎበዝ ተብሎ ይቀመጣል፤ ሳይገባው ጎበዝ ሆኖ ያድጋል።

ደብሪቱ በዚህ ሁሉ አንድም ቀን እንቅልፍ አጥታ አታውቅም ነበር። ሙክቱን ትቀበላለች፣ ታሳርዳለች፣ ለመምህራኑ ታካፍላለች። እንቅልፍ ያሳጣት አንድ የክረምት ቀን ነው።

ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሰብሮት ነበር። የሰፈሩ ሰዎች በትልልቁ የተጻፈ ሰሌዳ አቆሙ፦ “ድልድዩ ተሰብሯል። ውሃው ይወስዳልና በላይኛው መንገድ ሂዱ።” ደብሪቱ ጫጫታ ሰምታ ስትወርድ ልብስ አጣቢዎች አንዲት ልጅ ከውሃው ጎትተው አውጥተው ዳር ላይ አስቀምጠዋታል። ልጅቷ ትብለጥ ናት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ በጩኸት ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣች።

“ሰሌዳውን አላየሽውም?” አለች ደብሪቱ፣ ነጠላዋን አውልቃ እያለበሰቻት።

“አይቼዋለሁ፣ እትዬ።”

“አላነበብሽውም?”

“አንብቤዋለሁ፣ እትዬ።” ልጅቷ ከነመንቀጥቀጧ ብድግ አለችና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አንበለበለችው። ማዶ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩ።

“ታዲያ ምን ማለት ነው?”

“ገብቶኛል!” አለች ትብለጥ፣ በዚያው ድምፅ።

“እሱስ እሺ። ምን እንደሚል በራስሽ አፍ ንገሪኝ።”

ልጅቷ ዞር አለች። ሰሌዳውን አየች፣ ወንዙን አየች፣ ደብሪቱን አየች። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ “እሱን አልተማርንም፣ እትዬ” አለች።

ደብሪቱ አፈረች። እፍረቷ በልጅቷ አልነበረም፤ ልጅቷማ የተማረችውን አንድ ሳታጎድል አድርጋለች። በዚያ ዓመት የተቀበለችው ሙክት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ መሰላት።

በማግስቱ መምህራኑን ሰበሰበችና “ከዛሬ ጀምሮ አልገባኝም የሚልን ልጅ ማንም እንዳይቆጣብኝ” አለች።

መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ። መምህር ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የሳቸው ጉሮሮ ሲጠረግ መስኮት ይንቀጠቀጣል። “ነጠላውስ፣ እትዬ ደብሪቱ? ማን ያዘቅዝቀው? እኔ አማቾች ያሉኝ ሰው ነኝ። ገበያ ላይ ቆሜ በቁሜ ልለቀስ?”

“ነጠላውን የማዘቀዝቀው እኔ ነኝ።”

“ሕጉ ያስተማረው ነው የሚለው።”

“ሊቀ ጆሮው ነጭ ጨርቅ ሲያውለበልቡ ሙክቱን የሚቀበለው ማነው? እርስዎ ነዎት?”

“እርስዎ ነዎት።”

“እንግዲያው ነጠላውም የኔ ነው” አለች ደብሪቱ፤ በዚሁ ስብሰባው ተበተነ።

ለጥቂት ቀን ምንም አልሆነም። ልጆቹ ያችን ቃል አፋቸው ላይ ማስቀመጥ ፈሩ። ደብሪቱ በየክፍሉ እየገባች ከኋላ ወንበር መቀመጥ ጀመረች። መምህር ጓንጉል “ምን አጠፋሁ?” ብለው አኮረፏት፤ እሷ ግን ስህተት ልትለቅም አልነበረም፣ ከልጆቹ ጋር ልትማር እንጂ። አንድ ቀን ሳቸው ስለ ማካፈል አስተምረው “ገባችሁ?” ሲሉ ክፍሉ “ገብቶናል!” ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ጋብ ሲል ከኋላ አንድ የሴት ድምፅ “እኔን አልገባኝም” አለ። ደብሪቱ ራሷ ነበረች። ጓንጉል ክው ብለው ቀሩ። ልጆቹም ቃሏ ከተባለች በኋላ ጣሪያው እንዳልወደቀ አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ እጁን አወጣ።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገበያ ወጣች።

“ውይ፣ እግዜር ያጥናዎት!” አለች በርበሬ ሻጯ ብድግ ብላ። “ማን ሞቶብዎት ነው?”

“ማንም አልሞተ። አንድ ልጅ ማካፈል አልገባውም።”

“በሞትኩት! ሕመሙ ጸንቶበታል?”

“ደህና ነው። ሰኞ እንደገና እናስረዳዋለን።”

በርበሬ ሻጯ ወደ መስፈሪያዋ ተመለሰች። ደብሪቱ ገበያውን ዞረች፤ ያዘነላት አለ፣ የሳቀባት አለ፣ እንደ ዕብድ ቆጥሮ መንገድ የለቀቀላት አለ። ቀላል ነበር ብላችሁ እንዳታምኑ። ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያልገባቸው ልጆች በዙ፤ እሷም ያንኑ ነጠላ እንደዚያው አዘቅዝቃ ወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሆን ሰው ለመደው። በኋላማ “ዛሬስ ምን አልገባቸውም?” እያለ የሚጠይቃት ሆነ። ምላሿን ሰምተው “እሱማ እኔም አልገባኝ ብሎ ቀርቷል” የሚሉ አባቶች ተገኙ።

መምህር ጓንጉል ግን ኩርፊያቸውን ይዘው ከረሙ። አንድ ከሰዓት፣ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቢሮዋ መጡና “በሩን ልዝጋው?” አሉ።

“ይዝጉት።”

ቁጭ አሉ። ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። “ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል የኋለኛውን ገልብጠን እናባዛለን። ይህን ያላስተማርኩት ልጅ በዚህ ሰፈር የለም። ዛሬ ያቺ ትብለጥ ‘ለምንድን ነው የሚገለበጠው? አልገባኝም’ አለችኝ።” ወለሉን አዩ። “ለምንድን ነው የሚገለበጠው፣ እትዬ ደብሪቱ?”

ደብሪቱ አሰበች። ደግማ አሰበች። “እኔም አላውቅም” አለች።

“እርስዎም?”

“ተገልብጦ ይባዛል ተባልኩ፣ ገልብጬ አባዛሁ፣ ርዕሰ መምህርት ሆንኩ።”

ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቅ አፈናቸው፤ እሷም ሳቀች። ከምሳዋ የተረፈ ግማሽ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር። “እስኪ ይህ ግማሽ ነው” አሉ ጓንጉል። “ግማሽን ለሩብ ማካፈል ማለት... በዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ ማለት ይሆን?” ቆረሱት። ሁለት ሆነ። ሙሉው ዳቦ ቢሆን አራት ሩብ ይወጣው ነበር፤ ግማሹ ስለሆነ የአራት ግማሽ፣ ሁለት። ጓንጉል ቁራሾቹን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። “ለካስ እንዲህ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ልጁን ሁሉ በጩኸት ሸኘሁት” አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ መምህራኑ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰቡ ጀመር። እያንዳንዱ የሚያስተምረውን ግን የማያውቀውን አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ አንገት ያስደፋ ነበር፤ እያደር ባዶ እጁን የመጣ ይታማ ጀመር።

ዓመቱ ዞረና ሊቀ ጆሮ አጥናፉ ጉብታው ላይ ወጡ። የሾላ ግርጌ ልጆች ጮኹ፣ ግን ዝንጅብሉም ልምምዱም ከቀረ ቆይቷል፤ ድምፃቸው ሜዳውን እንኳ በቅጡ አልተሻገረ። ሊቀ ጆሮው ጀርባቸውን ሰጡ። አጃቢዎቹ ዲጅኖ ይዘው ወረዱ። ሊቀ ጆሮውም እንዲያ ይጮኽ የነበረው ትምህርት ቤት ምን ነክቶት ነው ብለው አብረው መጡ።

ደብሪቱ ደጁ ላይ ጠበቀቻቸውና “ደወሉ ከመነቀሉ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀመጡልኝ” ብላ እጅ ነሣች። ሊቀ ጆሮው ቁልቁለቱ ጉልበታቸውን አድክሞት ስለነበር እሺ አሉ። ከሳቸው በፊት የነበረ ማንም ሊቀ ጆሮ ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትብለጥ እዚህ ሳይዘንብ ወንዙ ለምን እንደሚሞላ ስታስረዳ አደመጡ፤ አጠገባቸው ቆማ ሳለች ቀንዱን ከጆሯቸው አላወረዱም። ላይኛው አገር የዘነበው ነው ወደዚህ የሚወርደው አለች። ሊቀ ጆሮው ይህን አያውቁም ነበር።

“እንዴት አመጣችሁት ይህን?” አሉ ወጥተው።

ደብሪቱ የዋህ ነበረች፤ እውነቱን ነገረቻቸው። “ልጆቹ አልገባኝም እንዲሉ ፈቀድን። ከዚያ እኛም ያልገባንን እየጠየቅን፣ ክፍል ለክፍል እየተያየን...”

ሊቀ ጆሮው ግን “ፈቀድን” ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን አልሰሙም፤ ለጸሐፊያቸው እያስጻፉ ነበር። ደወሉ ሳይነቀል ቀረ። ደብሪቱም ትምህርት ቤቷ ተረፈላት ብላ እፎይ አለች።

በአዲሱ ዓመት አዋጅ ወጣ። በመላው አገር ልጆች ሁሉ “አልገባንም!” ብለው ይጩኹ፤ ድምፁም እስከ ጉብታው ይሰማ። “ገብቶኛል” ያለ ልጅ ትዕቢተኛ ነው፤ ያስተማረውም ነጠላውን ያዘቅዝቅ። ከየአውራጃው የመጡ ርዕሳነ መምህራን ልምድ ሊቀስሙ ሾላ ግርጌን አጥለቀለቁት። ደብሪቱ ስለ ማክሰኞው ስብሰባ ልትነግራቸው ስትጀምር አንዱ አቋረጣትና “እሱ ይቆየን፤ አልገባንም ሲሉ ማብቂያውን ይስቡታል ወይስ ይቆርጡታል?” አላት። ማርና ዝንጅብልም በገበያው ታጣ።

ደብሪቱ ተናደደች፣ ግን ምን ታድርግ? የማሽላው እርሻ አለ፤ ወፎቹም ልጅ ይጠብቃሉ። መምህር ጓንጉል “ጠዋት አንድ ጊዜ ጮኸንላቸው በሩን ዘግተን ሥራችንን እንሥራ። ለሹም የሚሰጠውን ለሹም፣ ለልጅ የሚሰጠውን ለልጅ” አሏት። እሷም ብልሃቱን ተቀበለች። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ጉብታው ዞረው ይጮኻሉ፣ ከዚያ ገብተው ይማራሉ። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር።

የመለኪያው ቀን ሲደርስ ሊቀ ጆሮ አጥናፉ ጉብታው ላይ አልቆሙም። አዋጁን የወለድኩት እኔ ነኝ ባይ ስለነበሩ የአዋጁን ትምህርት ቤት ቀርበው ሊሰሙት አጃቢ አስከትለው ክፍል ገቡ። “ገባችሁ?” አሉ። ክፍሉ “አልገባንም!” አለ፤ ግድግዳው ነዘረ። ሊቀ ጆሮው ፈገግ ብለው ቀንዱን ሊያወርዱ ሲሉ አንዲት አፍ ተዘግታ አዩ። ትብለጥ ነበረች።

“አንቺስ፣ ልጅት?”

“ምኑን ነው፣ ጌታዬ?”

“አልገባኝም በያ።”

“ምኑ ነው ያልገባኝ?”

“ምንም ይሁን፤ ብቻ በይ።”

“ትናንት ነበር ያልገባኝ” አለች ትብለጥ። “ጠየቅሁ፤ መምህር ጓንጉል አስረዱኝ፤ አሁን ገብቶኛል። ላሳይዎት?”

አጃቢዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ሊቀ ጆሮው ወደ ደብሪቱ ዞሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ልጅቷን አደብ አስገዣት። አንድ ቃል ናት፤ ትበልና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሂድ” አሏት።

ትብለጥ ደብሪቱን አየቻት። ደብሪቱ ራሷን ብትነቀንቅላት ቃሏን እንደምትላት ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም። ደወሉም ይተርፋል፣ የደብሪቱ ወንበርም ይተርፋል፣ በሩም ተዘግቶ ትምህርቱ ይቀጥላል። ደብሪቱ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

“እኔ ካልኳት ትላለች” አለች። “ለዚህ ነው የማልላት።”

“ደወሉ ይነቀላል!”

“አዋጁን አስጽፈው የላኩልን እርስዎ ነዎት፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ልጅ ገብቶኛል ቢል የሚጠየቀው ሰው እንጂ ደወል አይደለም። እኔን ይጠይቁኝ።”

ሊቀ ጆሮው ጸሐፊያቸውን አዩ፤ ጸሐፊው አንገቱን ነቀነቀ፤ እንዳለችው ነበር። ነጠላ ማዘቅዘቁን ግን ለእሷ ቅጣት አልቆጠሩትም፤ እምቢ ብላለችና ሹመቷን ነጠቋት። በዚያ አገር ሹመቱን የተነጠቀ ርዕሰ መምህር ወደ ቤቱ አይላክም። አለማወቅን ከሥሩ እንዲማር ተብሎ ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ይቀመጣል፤ በቦታው የተተካውም ሰው ራሱ ያስተምረዋል። የተተኩት መምህር ጓንጉል ሆኑ። “አልቀበልም” ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ደብሪቱ በዓይኗ ገሰጸቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ደብሪቱ ትንሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ደረቷ ድረስ መጣ። ሕፃናቱ መጀመሪያ አፈሯት፤ ወዲያው ግን ቦታ አጠበበችብን ብለው ይገፏት ጀመር። መምህር ጓንጉል ገቡ። ወደ እሷ ማየት አልቻሉም። ልጆቹ ወደ መስኮቱ ዞረው አዋጁን ጮኹ፤ ሽማግሌው በሩን ዘጉ።

ሰሌዳው ላይ አምስት ብርቱካን ሣሉ፤ ሁለቱን ሰረዙ። “ስንት ቀረ?”

ከደብሪቱ አጠገብ የተቀመጠ ፊቱ ሁሉ ጠመኔ የሆነ ሕፃን “አምስት!” አለ።

ደብሪቱ ተጨነቀች። የድሮው ጓንጉል “ጎበዝ፣ ተቀመጥ” ብለው ያልፉት ነበር። ባለፈው ዓመት ደግሞ ትክክለኛውን መልስ በትዕግሥት ይነግሩት ነበር። ልታንሾካሹክለት ወደ ልጁ ጠጋ አለች።

መምህር ጓንጉል ግን መጡ፤ በእርጅና ጉልበታቸው ልጁ ፊት ቁጢጥ አሉ። “እንዴት አስበህ አምስት አልክ?” አሉት፣ ልጁ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

“የተሰረዙትም እኮ አሉ” አለ ሕፃኑ። “እዚያው ናቸው፣ ይታያሉ።”

ሽማግሌው ሰሌዳውን ዞረው አዩ። እውነትም ይታያሉ። “ልክ ነህ፣ አሣሣሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አሉና ተነስተው ሁለቱን ብርቱካን በእጃቸው መዳፍ አጠፏቸው።

“እንዴት አስበህ ነው” ብሎ መጠየቅን ደብሪቱ አላስተማረቻቸውም። ማክሰኞ ላይም ተነስቶ አያውቅም። እሷ ራሷም ልጅን እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሰውዬው ከየት እንዳመጡት አላወቀችም፤ ከእሷ እንዳልሆነ ግን አወቀች፣ ደስታውም እንባዋን አመጣው። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ሕፃኑን ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ ለመማር ተመቻችታ ተቀመጠች።